በወሎ መንገድ ያለፈው እህል

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ እህል ነው፤ እህሉን መግዛት ስለቻለውና መግዛት ስላቃተው ሰውም ጭምር። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን በሌላ ፊቱ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ቀረ፣ ረሃብ ገባ፣ ንጉሥ ወረደ ተብሎ ሲነገር ሰምታችኋል። እሱ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን በመሀሉ ተዘሎ ስለሚታለፈው ስለ ገበያው ላወጋችሁ ነው፤ እና አትቸኩሉብኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ዳገቱም ብዙ ነው።

መንገዱን አስቀድሜ ላሳያችሁ። ከአዲስ አበባ ይነሳና የደብረ ብርሃንን ብርድ አቋርጦ ጣርማበር ይደርሳል፤ እዚያ ዋሻውን ገብቶ ሲወጣ ምድሩ ድንገት ከፊቱ ይገደላል፤ ከዚያ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ እየወረደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል፤ ከሸዋ ሮቢት በካራቆሬ፣ በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ያርፋል፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ ሐረጎን ሽቅብ ተጠማዝዞ ደሴ ይወጣል። ደሴ ላይ ሹፌሩ ሻዩን ፉት ብሎ፣ ረዳቱ ጎማውን በእግሩ እየመታ ፈትሾ፣ የሸራውን ገመድ ጠበቅ አድርጎ፣ እንደገና ይነሱና በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ፣ በወልዲያ፣ በቆቦ፣ በአላማጣ አልፈው የግራካሱን ዳገት ይያያዙታል፤ ከዚያም ኮረም፣ ማይጨው፣ መቀሌ፣ ዓዲግራት እያለ አስመራ ያደርሳል። ወሎ የዚህ መንገድ ወገቡ ነበር። ከደቡብ የመጣ መኪና ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን የመጣ ወደ ደቡብ ሲሄድ ወሎን ሳይረግጥ አያልፍም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ጊዜው የ1964 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሐምሌ 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሰማንያ ዓመት ሞላቸው፤ በአዲስ አበባም በዓሉ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተከበረ። በዚያው ሰሞን የወሎ ገበሬ ደጁ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ጠዋት ጠዋት ደመናው ከበድ ይላል፤ ሴቶቹም ማሰሮውን ከጠፈጠፍ ሥር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ወደ ቀትር ግድም ንፋስ ይነሳና ደመናውን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ማታ ደግሞ ኮከብ ይወጣል። ሐምሌ እንዲህ አለፈ፤ ነሐሴም እንዲህ አለፈ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ጤፉም ሳያፈራ ቀይ ሆኖ ቀረ። ሰው ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ የደጋው ሰው ገብሱን የሚዘራበት በልግ አለ፤ በየካቲትና በመጋቢት ይዘንባል ተብሎ ያለችው ዘር ተቆጠበች፤ ልጅ እየራበው ዘር ተቆጠበች። የ1965 በልግም ቀረ።

አሁን አንድ ገበሬ እናንሳ። ስም አልሰጠውም፤ ስም ብሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይመስላችኋልና፤ እሱ ግን በየመንደሩ ነበረ። የሚያርሰው መሬት የሌላ ሰው ነው፤ በደህናው ዘመን ካመረተው ላይ ለባለመሬቱ ድርሻውን አውጥቶ፣ ግብሩንም ገብሮ፣ በተረፈው ልጆቹን አብልቶ ለዘር ይቆጥባል። ትርፍ ብር በእጁ ኖሮት አያውቅም፤ ብሩም እህሉ ነበር። ልብ በሉ፤ የታሪኩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ሲቀር የከተማው ሰው ቢከፋ እህል ይወደድበታል፤ ደመወዙ ግን በወሩ መጨረሻ ይመጣል። ለገበሬው ዝናብ ሲቀር እህሉም ደመወዙም በአንድ ቀን ይቀሩበታል።

ያ ገበሬ አጭዶ የሚከምረው ባጣ ጊዜ መጀመሪያ በግና ፍየሉን ወደ ገበያ ነዳ፤ ከዚያ ላሚቱን ነዳ፤ ከዚያም አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደው አድሮ በሬውን ነዳ። የበሬውን ገመድ ለሌላ ሰው ማቀበል ምን እንደሆነ ያረሰ ያውቀዋል። ገበያው ሲደርስ ጎረቤቱም በሬውን ይዞ ቆሟል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት ቆሟል፤ ሁሉ ሻጭ ሆኖ ገዢ ጠፍቷል፤ በሬዎቹም ሣር አጥተው ጎድናቸው ይቆጠራል። ነጋዴው ዙሪያውን ዞሮ አየና፣ የበሬውን ጀርባ መታ መታ አድርጎ ዋጋ ጠራ፤ ገበሬውም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። በዚያ ብር የተገዛው እህል ጥቂት ሳምንት ሄደና አለቀ። ከዚያም የቤት ዕቃው ተሸጠ፤ ከዚያም የሚሸጥ ጉልበት ብቻ ቀረ፤ እና ጉልበቱን ይዞ ቢዞር ቢዞር የሚቀጥረው አጣ።

ደግሞ ረሃቡ በአራሹ ላይ ብቻ አልቆመም። ገበሬው ሲደኸይ ጋቢ የሚያሠራ ጠፋ፤ ሸማኔውም ማጉን ታቅፎ ተቀመጠ። ማረሻ የሚያስመታ ስለሌለ ቀጥቃጩ ወናፉን ሰቀለ። ጠላ ሸጣ የምታድረው ሴት ደንበኛ አጣች፤ ሠራተኛ ያኖሩ የነበሩ ቤቶችም ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ፤ የቀን ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ዋለ። እነዚህ ሰዎች እርሻቸው አልደረቀም፤ እርሻ ኖሯቸውም አያውቅም። የደረቀባቸው ገቢያቸው ነው። አንዱ የሌላው ገበያ ስለሆነ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት ይወድቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዝቅ እንበልና ባቲ እንግባ፤ ሰኞ ይሁንልን፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከደጋ የወረደው ገበሬና ከቆላ የወጣው አፋር የሚገናኙት እዚያ ነው፤ አንዱ እህል ይዞ፣ ሌላው ግመልና ፍየሉን እየነዳ። በዚያ ዓመት አፋሩ ከብቱ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ የተረፈውንም ደክሞት እየጎተተ መጣ። ድርቅ ሲመጣ አፋር የሚሸሽበት ቦታ ነበረው፤ የአዋሽ ዳር ግጦሽ ነበረው። ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተንዳሆና በሌሎችም የአዋሽ ዳርቻዎች የጥጥ እርሻ ተከፍቶ ጥሩ ጥሩውን መሬት ወስዶ ነበር። ጥጡ ዶላር ያስገኛል፤ የአፋር ወተት ዶላር አያስገኝም፤ እና መሬቱ ወደ ከፋዩ ሄደ። አፋሩም ባቲ ቆሞ የፍየሉን ዋጋ ሲጠይቅ፣ ዋጋው ወርዶ ወርዶ፣ አምና የአንድ ፍየል ዋጋ የነበረው እህል ዘንድሮ በብዙ ፍየል የማይገኝ ሆነበት። ከብት ያለቀበት አንድ ጊዜ ተጎዳ፤ የተረፈው ከብት ዋጋ ሲያጣ ደግሞ ሁለተኛ ተጎዳ።

እንግዲህ ወደ ደሴ እንመለስ። በዚህ ሁሉ መከራ መሀል የደሴ እህል ገበያ ዋጋው ምን ሆነ ብትሉኝ፣ ሰማይ ነካ የምላችሁ ይመስላችኋል። አልነካም። ከድርቁ በፊት ከነበሩት ዓመታት ዋጋ ብዙም የራቀ አልነበረም። ሕዝብ እየሞተ የእህል ዋጋ እንዴት አይንርም? የሚርበውማ ብዙ ነበር፤ የሚገዛው ነው ያልነበረው። ገበያ ጆሮ አለው፤ የሚሰማው ግን የብር ድምፅ ብቻ ነው። መቶ ሺህ ሰው ባዶ ኪሱን ይዞ ቢጮህ ዋጋው በአንድ ሳንቲም አይነቃነቅም፤ ዋጋው ካልተነቃነቀ ደግሞ በሌላ አገር ያለ ነጋዴ እህሉን ጭኖ ወደዚያ የሚመጣበት ምክንያት አያገኝም።

ይባስ ብሎ እህል ከወሎ ይወጣ ነበር። ያንን መንገድ ያዙልኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ደረስንበት። የጭነት መኪናዎች ከወሎ ገበያ የተገዛ እህል ጭነው፣ አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዱ ወደ አስመራ ይሄዱ ነበር። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ ሰው ተሰልፏል፤ ከየተራራው ወርዶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ፣ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን አውቶቡስና የቤት መኪና በእጁ እያስቆመ ምግብ ይለምናል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይላል የአገራችን ሰው፤ እዚህ ግን መንገዱ በምድር ላይ ነበረ፣ አስፋልትም ነበረ፣ የጠፋው ገንዘቡ ብቻ ነው። ሹፌሩን ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ነጋዴውንም እንኳ አልረግምም፤ ብረግመው ታሪኩ አይገባኝም። እሱ የሄደው የሚከፍለው ባለበት ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ አዲስ አበባና አስመራ ነበር። በዚያ ዓመት የመላው አገሪቱ ምርት ከወትሮው የቀነሰው በመቶ ሲሰላ 7 ገደማ እንደነበር በእርሻ ሚኒስቴር ግምት ተመዝግቧል። ሰባት እጅ ጎደለ ተብሎ አገር አያልቅም። ያለቀው ሰው ግን ብዙ ነው፤ ግምቶቹ ይለያያሉ፣ ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ የሚሉ አሉ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያሰፈረልን አንድ ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው፤ አማርትያ ሴን ይባላሉ። እሳቸውም ነገሩን ከወረቀት ብቻ አልተማሩትም። እ.ኤ.አ. በ1933 በቤንጋል ተወለዱ፤ በ1943 የቤንጋል ረሃብ ሲገባ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በአያታቸው ቤት ደጅ ለሚያልፈው ረሃብተኛ በሲጋራ ቆርቆሮ ሩዝ እየሰፈሩ ይሰጡ እንደነበር ራሳቸው ተርከውታል። እስቲ ያንን ሕፃን አስቡት፤ ቆርቆሮዋን ሞልቶ ይሰጣል፣ ሰልፉ ግን አያልቅም፤ በቤቱና በዘመዶቹ ቤት ደግሞ የተራበ የለም። ካደጉ በኋላም ያንን ነገር ይዘው ቆፈሩት፤ ሲቆፍሩት ያገኙት፣ በ1943 ቤንጋል ውስጥ የነበረው ሩዝ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው እንኳ እንደማያንስ ነው። ጦርነት ነበረ፤ በካልካታ የጦር ፋብሪካና የጦር ሥራ በዝቶ ደመወዝ አደገ፤ ለከተማው ሠራተኛም ቅናሽ ሩዝ በአሠሪው በኩል ይታደለው ነበር። ገጠር ያለው የቀን ሠራተኛ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጸጉር አስተካካዩ ግን ገቢው ባለበት ቆሞ የሩዝ ዋጋ ጥሎት ሄደ። በረሃብ ዘመን ጸጉሩን የሚስተካከል ማን አለ? እና ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው አለቀ። የሴን መጽሐፍ በ1981 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በውስጡም ከቤንጋል ቀጥሎ የኛው የኢትዮጵያ ረሃብ፣ ወሎን ጨምሮ፣ ምዕራፍ ተሰጠው። ኖቤል ሽልማቱን ያገኙት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።

አይደለም፣ የጠፋው እህሉ ነው ብለው የተከራከሯቸው ሊቃውንት እንዳሉ ልደብቃችሁ አልፈልግም። በወሎ ውስጥ ምርቱ ክፉኛ መውደቁን ደግሞ ሴንም አልካዱም። ከአስፋልቱ ሁለትና ሦስት ቀን በእግር የሚያስኬድ ተራራ ላይ ላለ መንደር የመንገድ እጦት ከባድ ነገር እንደነበረም እኔ አምናለሁ፤ አህያ እንኳ የማትወጣው ገደል አለና። ግን ሰው ወደ አስፋልቱ ወርዶ፣ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ፣ እህል ሲያልፍ እያየ ሲሞት መንገድ ስላልነበረ ነው የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። የኛ ሰው በ1965 በልግ ሰማይ ሲያይ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወራት፣ በሕንድ፣ ያኔ ቦምቤይ ትባል የነበረችው ከተማ ባለችበት በማሃራሽትራ ግዛትም ሰው ሰማይ ያይ ነበር። እዚያ ድርቁ ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቦ ነበር፤ የእህል ምርታቸውም ከደህናው ጊዜ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። የማሃራሽትራም ገበሬ በሬውን ሸጧል፤ እሱም ጉልበቱን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ግን ጉልበቱን ይዞ ሲወጣ የሚገዛው አገኘ። ግዛቱ በየወረዳው የሕዝብ ሥራ ከፈተ፤ መንገድ ጥረጉ፣ ኩሬ ቆፍሩ፣ ድንጋይ ፍለጡ፣ እርከን ሥሩ ተባለ፤ ሥራ ለሚፈልግ ሁሉ ሥራ፣ ለሠራ ሁሉ የቀን ምንዳ በጥሬ ገንዘብ። ወንዱም ሴቱም አፈር በቅርጫት እየተሸከመ ወጣ፤ በግንቦት ወር ላይ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው ሰው ወደ አምስት ሚሊዮን ደረሰ። ምንዳው ትንሽ ነበር። ግን ምንዳው ካለበት ገበያው ይሰማል፤ እና እህል ከግዛት ወደ ግዛት ማሻገር በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ እንኳ ነጋዴው በሌሊትም በቀንም እህሉን ይዞ ገባ፤ በመንግሥት መደብርም ተሸጠ። ሰው ከሳ፣ ተቸገረ፣ ከብቱ አለቀ፤ ረሃብ ግን እንደ ወሎው አልጨረሰውም።

እንዲህ ነው ነገሩ፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ድርቅ። በአንዱ እህል ወጣ፤ በሌላው እህል ገባ። ነጋዴ በሁለቱም አገር ያው ነጋዴ ነው።

እኛስ ጋ ምን ተደረገ? ምንም እንዳልሆነ ተደረገ። መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ ያዘው፤ የመጣው ይምጣ ብለው ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው የተጓዙ የወሎ ገበሬዎችም ጆሮ አላገኙም። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንስተው ተመለሱ፤ ተማሪውም ፎቶግራፉን አይቶ ተነሳ። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ የግብር ድግስ ምስል ጋር ቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ያ ስም ያልሰጠሁት ገበሬ፣ ከተረፈ፣ ለባለመሬቱ የሚያወጣው ድርሻ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ቀረለት። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ አሳንሼ አላየውም። ሆኖም አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1977፣ በዚያው መንገድ ዳር፣ ኮረም ላይ፣ ሰው እንደገና ተሰልፎ አየነው። እዚያ ላይ ጦርነቱም ሌላ ሌላውም አለበት፤ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና ለሌላ ቀን ይቆየን።

ዘመን ዘመንን እየተካ 1997 ዓ.ም. ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ አምስት ሚሊዮን ገደማ ሰው ታቅፎበት ነበር፤ በኋላም በዛ። ከማሃራሽትራው ጋር ይመሳሰላል፤ ገበሬው በበጋ ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ ዛፍ ይተክላል፤ የደከመና ያረጀው ሳይሠራ ይሰጠዋል። የቀን ምንዳው ስድስት ብር ተቆረጠ። ስድስት ብር ለምን? ሦስት ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ ነው። ይህ አሳብ ብልህ አሳብ ነበር፤ ለተቸገረው ሰው ብር ስጠው፣ ብሩን ሲይዝ ነጋዴው እህሉን ይዞለት ይመጣል የሚል ነው፤ ወሎ ላይ የጠፋውም ይኸው ነበር። በየወረዳው ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ሰው በስሙ እየተጠራ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ እየፈረመ ብሩን ተቀበለ፤ ለጊዜውም ሠራ።

ከዚያ 2000 ዓ.ም. መጣ። የእህል ዋጋ ተነሳ፤ ተነሳና አልቆም አለ፤ በአንዳንድ ገበያ በዓመት ውስጥ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ሆነ። በከተማ ኮንዶሚኒየም ይሠራል፣ መንገድ ይሠራል፣ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ይገባል፣ ባንክ ያበድራል፤ ገቢው ያደገ ሰው ዋጋውን ይዞት ሲወጣ፣ በስድስት ብር እርከን የሚሠራው ሰው እታች ቀረ። ምንዳው ወደ ስምንት ብር ከፍ ተደረገለት፤ ስምንቱ ሳይደርስለት ዋጋው ሌላ ደረጃ ወጥቶ ቆየው። ያን ጊዜ ገበሬው ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን አለ። ይህን ሲል የሰማ ባለሙያ ገበሬ ለውጥ አይወድም ብሎ አስቦ ከሆነ ተሳስቷል፤ ገበሬው ሂሳቡን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ምንዳው አሥር ብር የገባው ከዚያም በኋላ ነው። በአዲስ አበባም መንግሥት ስንዴ ከውጭ እያስገባ በቀበሌ በኩል በቅናሽ አደለ፤ እናቶች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከንጋት ጀምሮ ሲሰለፉ ያያችሁ አላችሁ።

ይህ ሁሉ የድርቅና የገጠር ነገር ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። ባለደመወዙንም ያው ውሃ ነው የሚወስደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ዶላር ያለው በአንድ ሌሊት ከበረ፤ ዶላር የሌለው ያው ወርኃዊ ደመወዙን ይዞ ማለዳ ወደ ሱቅ ሄደ። መንግሥት ነገሩን አይቶ ዝቅተኛውን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2017 ከ1,100 ብር ወደ 4,760 አሳደገው፤ በ2018 መግቢያ ደግሞ ወደ 6,000። ተመስገን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው 600 ብር ብቻ ነበር፤ ያ ቁጥር እህሉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ ሲሮጥ እሱ ባለበት ቆሞ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥርም ከታች ያለው ሠራተኛ ላይ ግብሩ እየጠለቀ ሄደ፤ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 መጨረሻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው እንኳ ጠያቂ አለው። የግል ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የምትሰፋዋ ልጅ፣ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ የሚያወጣው ልጅ፣ የሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ፣ እነሱ በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል የላቸውም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል፤ ዓመቶቹ አልፈው ወለሉ ግን አልተቆረጠም።

ወለል ቢቆረጥ አሠሪው ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ፋብሪካው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል የሚሉ አሉ፤ ቁጥሩ ሳይታሰብ ቢጣል እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ በጥንቃቄ ይቆረጥ። ዋጋው ሲወጣ አብሮ የማይወጣ ወለልም ከዚያ ከስድስት ብሩ ምንዳ አይሻልም፤ ወለሉም፣ የሴፍቲኔቱ ምንዳም፣ ከግብር ነፃ የሚሆነውም ገንዘብ በየዓመቱ ከእህል ዋጋ ጋር ተመዝኖ ይስተካከል። ይህን ለማድረግ ሊቅ መጥራት አያስፈልግም። የቀን ምንዳም ሆነ የወር ደመወዝ ለመቁረጥ በጠረጴዛ ዙሪያ የምትቀመጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ብዕራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት መርካቶ እህል በረንዳ ውረዱና የዛሬውን የአንድ ኪሎ ዋጋ ጠይቁ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ጻፉ።